አንድ የኔታ፣ ብዙ ልጅ

የቄስ ትምህርት ቤት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው አለንጋውን ነው። አለንጋው ነበር፤ አልክድም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ የኔታ ያን ሁሉ ልጅ ብቻቸውን የያዙበት ብልሃት ነው። አንዱ ገና «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ከፍ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ትልልቆቹ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይዘልቃሉ። ደወል የለም፣ ክፍል የለም። ዳዊት የጀመረው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን አጠገቡ ያስቀምጥና 231ዱን ፊደል በስንደዶ እያስነካ ያስቆጥረዋል፤ ታናሹ ዘሎ ሲያልፍ ስንደዶዋን ወደ ኋላ ይመልሳታል።

ጩኸቱ ለመንገደኛ ሁከት ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጋታ ነበረው፤ ሁሉም የራሱን ቦታ ያውቃላ! የኔታ ያሸለቡ ይመስላሉ፤ አንዱ ቃል ሲስት ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ ለይተው ያርሙታል። እያንዳንዱ ልጅ ፊታቸው የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ የቀረው ጥናት ነው፣ እሱም ከጓደኛ ጋር።

ጥናቱም በየኔታ ደጅ ብቻ አልቀረም፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታን አሳትመው ካዳረሱ በኋላ ልጁ ገበታውን ቤቱም ይዞ ይገባ ጀመር።

ብልሃቱ ለቤትም ይሆናል፤ ሦስት አራት ልጆች ቤት ውስጥ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ሰዓት ከመደልደላችሁ በፊት እስቲ ታላቁን ከታናሹ አጠገብ አስቀምጡት።