ቀለም ከመጠጣቱ በፊት፤ የኮንክሪት ወለልን ልባስ የማስለቀቅ ሥራ አጭር ታሪክ

የሕንጻ ሥራ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ምሰሶው፣ ቅስቱና ጣራው ነው። ወለሉን የሚያነሣ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ ወለሉን ያጸዳውን ሠራተኛ የሚያነሣ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተለይ በአሜሪካ፣ አሮጌውን ምንጣፍና ንጣፍ አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ኮንክሪት ቀለም ማስጠጣት እየተስፋፋ ሲመጣ፣ የማጽዳቱ ሥራ ከማቅለሙ ይልቅ ዕውቀትን የሚጠይቅ፣ ለጤናም የሚያሰጋ ሆኖ ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊድሱ ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 የፖርትላንድ ሲሚንቶን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ያለውን ረጅም ታሪክ እዚህ መተረክ አያስፈልግም። ለጉዳያችን የሚበቃው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር በውስጡ ነጻ ኖራ የሚተርፍ መሆኑ ነው። በአሲድ ውስጥ የሟሙ የብረትና የሌሎች ማዕድናት ጨዎች በወለሉ ላይ ሲፈስሱ ከዚህ ኖራ ጋር ይዋሐዱና ቡናማ፣ ቀላ ያለ ወይም አረንጓዴ መልክ ይሰጡታል። ቅብ ከላይ ይቀመጣል፤ ይህኛው ቀለም ግን የወለሉ አካል ስለሚሆን ተልጦ አይነሣም። ስለዚህም ኖራው በአንዳች ነገር ከተሸፈነ ቀለሙ የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል።

ለመሆኑ ምን ይሸፍነዋል? ዘመኑ ያለበሰው ሁሉ። ዕውቁ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1937 በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን፣ ለጄኮብስ ቤተሰብ የሠራው ቤት ወለሉ ቀይ የተቀለመ ኮንክሪት ሲሆን፣ የሚወለወለውም በሰም ነበር። እኛ ሊሾ የምንለውን ወለል ሰም ቀብቶ መወልወል ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ኮንክሪቱ ራሱ ከዓይን ጠፋ። በ1947 በኒውዮርክ አጠገብ በተጀመረው የሌቪታውን መንደር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ምድር ቤት ሳይቆፈርላቸው በኮንክሪት ንጣፍ ላይ ቆሙ፤ ወለላቸውም በአስፋልት ታይል ተሸፈነ። እንዲህ ያለው ታይል በየአገሩ የሚለጠፈው ሬንጅ በበዛበት ጥቁር ኮላ ነበር። ቀጥሎ የቪኒል ታይል፣ ከዚያም ምንጣፍ መጣ። የሰሙም ዓይነት ተለወጠ፤ የንብና የዕፅዋት ሰም ለአክሪሊክ ስፍራውን ለቀቀ። ዛሬ ወለሉን የሚከፍተው ባለሙያ እንግዲህ ከአንድ ወለል ጋር ሳይሆን ከአራትና ከአምስት ትውልድ ጋር ይገናኛል ማለት ነው።

በዚህ ሙያ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ አሲድ ሁሉን ያጸዳል የሚል ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኮንክሪት ላይ ሲፈስስ አረፋ እያወጣ ስለሚፈላ፣ ለሚያየው ሰው ቆሻሻን የሚበላ ይመስለዋል። የሚበላው ግን ኖራውን ነው። ሰሙን፣ ዘይቱን፣ ሬንጁንና ኮላውን አይነካም። ውጤቱም ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ሽፋኑ በስፍራው ይቀራል፣ ሽፋን ባልነበረበት በኩል ደግሞ ቀለሙ የሚፈልገው ኖራ ታጥቦ ይሄዳል። በአሲድ ለሚቀለም ወለል አስቀድሞ አሲድ መድፋት፣ በእኔ አስተያየት፣ ማሳውን ከመዝራት በፊት አፈሩን ጠርጎ እንደመጣል ነው። ለእያንዳንዱ ልባስ መድኃኒቱ ለየብቻ ነው። የቀድሞው ሰም በአኳራጃና በመሰል ፈሳሾች ይሟሟል፤ አክሪሊኩን አሞኒያ ያለበት ውህድ ያላቅቀዋል። ሬንጁን የሚያሟሟ ፈሳሽ አለ፤ ነገር ግን የሟሟው ሬንጅ በቶሎ ተጠርጎ ካልተነሣ ወደ ኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ይሰርግና ከበፊቱ የከፋ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ወለሉ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሲደርቅም ጥቂት ጠብታ ውሃ ይደረግበታል። ጠብታው ከሰረገ ወለሉ ተከፍቷል፤ እንደ ጤዛ ከተንከባለለ ገና ነው።

ከሁሉም የከበደው ጉዳይ የሠራተኛው ሕይወት ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ የወለል ታይልና ጥቁር ኮላ አስቤስቶስ ተጨምሮባቸው ይሠሩ ነበር። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ናሙናው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ሳይመረመር በደረቁ መፋቅ ወይም በማሽን መፈግፈግ ጭረቶቹን ወደ አየር ይበትናል፤ ሕመሙም የሚገለጠው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ሌላው ቅብና ኮላ ለማስለቀቅ በሰፊው ያገለገለው ሜቲሊን ክሎራይድ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ሠራተኛው ተንበርክኮ በሚተነፍስበት በወለሉ አጠገብ ይጠራቀማል፤ በሰውነትም ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድድ ሰውን የሚገድለው ያው መርዝ ነው። ከ2000 እስከ 2011 በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ የመታጠቢያ ገንዳ ቅብ ሲያስለቅቁ በዚህ ፈሳሽ ምክንያት የሞቱት ሠራተኞች ከአሥር በላይ ናቸው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈሳሹ ለቅብ ማስለቀቂያ ለግለሰቦች እንዳይሸጥ በ2019 ከለከለ፤ በ2024 ደግሞ አብዛኛውን የኢንዱስትሪና የንግድ አገልግሎት ጨምሮ አገደ። ለሞቱት ግን ሕጉ ዘግይቷል።

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ከተሠራ በኋላም ወለሉ ያለፈበትን ሙሉ በሙሉ አይረሳም። ቀለሙ ሲፈስስ ኮላው የነበረበትና ያልነበረበት ስፍራ በተለያየ መጠን ስለሚጠጣ፣ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የነበሩት የታይል አራት ማዕዘኖች እንደ ጥላ ብቅ ይላሉ፤ የምንጣፍ ሚስማር የተመታባቸው ቀዳዳዎችም በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው ይታያሉ። አንዳንዱ ባለቤት ይህን ጌጥ ይለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ገንዘቡን ይመልሱልኝ ይላል። በመሆኑም ልምድ ያለው ባለሙያ ውል ከመፈራረሙ በፊት ከቁም ሣጥን ሥር በሚውል አንድ ጥግ ጥቂት ስፍራ አጽድቶ ቀለም ያስጠጣል፤ ባለቤቱንም ጠርቶ ጥላውን ያሳየዋል።