ማሽኑ ልብን ሲተካ ኩላሊት ምን ይሆናል?

ልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ኩላሊት ለምን ይጎዳል? ታሪኩን ከማሽኑ እንጀምር።

በ1953 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ዶክተር ጆን ጊበን የአንዲት ወጣትን የልብ ቀዳዳ ሲደፍን፣ ለ26 ደቂቃ ደሟን ያዞረላት የልብና ሳንባ ማሽን ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና በር ተከፈተ። ኩላሊት ግን በቀላሉ የሚታለል አይደለም። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ከክብደታችን 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ልብ ከሚረጨው ደም ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ውስጠኛው ክፍላቸው ደግሞ በደህናውም ቀን ኦክስጅን ያጥረዋል። የማሽኑ ቱቦዎች አስቀድመው በፈሳሽ ስለሚሞሉ ደሙ ይቀጥናል፤ ፓምፑም ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል።

ታዲያ ምን እንለካ? ፍሰቱን ወይስ የደሙን መቅጠን? በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ማርኮ ራኑቺና ባልደረቦቹ ሁለቱን አንድ ላይ አዩ፦ የደም ፍሰት ሲባዛ ደሙ በተሸከመው ኦክስጅን። ይህ ቁጥር ለአንድ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ገጽ በደቂቃ ከ272 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ለኩላሊት አደጋው ይጨምራል። እንደ ኢንጂነር ካያችሁት ነገሩ ግልጽ ነው፤ መኪናው ቢመላለስም ጭነቱ ከቀለለ ምን ዋጋ አለው? ደሙ ሲቀጥን ፍሰቱን መጨመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ማሽኑ ብቻውን ግን ጥፋተኛ አይደለም። ዕድሜ፣ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ቀድሞ የደከመ ኩላሊት፣ በማሽኑ ላይ የሚቆዩበት ሰዓት ይደማመራሉ። ዕድሜን መቀነስ አይቻልም፤ ደም ማነስን ግን ቀድሞ ማከም ይቻላል። ቤታችሁ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ የሄሞግሎቢንና የክሬያቲኒን ውጤቱን ከአሁኑ ጠይቁ።