ነርቭ አይንሸራተትም፣ ይመላለሳል

ጁባ፣ ኮኞኮኞ ገበያ አካባቢ እንጀራ እየጋገረች የምትተዳደር አንዲት የአገሬ ልጅ ሰሞኑን ለአስተርጓሚነት ጠራችኝ። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመኻል ጣቷ እየደነዘዙ ይቀሰቅሷታል። ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሲያዝላት «ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም!» አለች። ሳቅን። ሳቄ የጠፋው በስልኳ የደረሳትን የአማርኛ የጤና ምክር ስታሳየኝ ነው፤ «በአልትራሳውንድ የጅማት መንሸራተት ይታያል» ይላል። «ጅማቴ ተንሸራቷል ማለት ነው? እንደ ዲስክ?» ብላ ደነገጠች።

ሁለት ቃል፣ ሁለት ስሕተት።

መጀመሪያ «ጅማት»። የእጅ አንጓ ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶችና ከላያቸው የተወጠረ ወፍራም ማሰሪያ የሚያጥሩት ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያ 9 ጣት አጣፊ ጅማቶችና 1 ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ። የምርመራው ቁም ነገር ያንን አንዱን ከዘጠኙ ለይቶ ማየት ነው። ሁሉንም «ጅማት» ካልናቸው ሐኪሙ የሚፈልገውን እኛ ደበቅነው ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ብቻችንን አይደለንም። የግሪኩ «ኔውሮን» ጥንት ጅማት ማለት ነበር፤ የዐረብኛው «ዐሰብ» እና የግዕዙ «ሥርው»ም ሁለቱንም ያቅፋሉ። «እንግዲያው ሥር እንበለው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አማርኛ «ሥር»ን ለዛፍና ለደም ሰጥቶታል፤ ወጌሻውም «ሥር ዞሯል» ሲል ነርቭ ማለቱ አይደለም። ስለዚህ «ነርቭ» ይቆይ። «ነርቬን ነካኸው» ብሎ የሚቆጣ ሰው መዝገበ ቃላት አይገልጥም፤ ቃሉ ቤተኛ ሆኗል። «አልትራሳውንድ»ም እንደዚያው።

«መንሸራተት»ስ? በአማርኛ የተንሸራተተ ነገር ቦታውን የሳተ ነው፤ እግር ጭቃ ላይ፣ ዲስክ ከአከርካሪ። ምክሩ የተተረጎመበት የእንግሊዝኛ ቃል ግን ጤናማውን እንቅስቃሴ ነው የሚናገረው። ጣት ሲታጠፍ ጤነኛ ነርቭ ከጅማቶቹ ጋር ጥቂት ይጓዛል፣ ወደ ጎንም ፈቀቅ ይላል፤ ጣት ሲዘረጋ ይመለሳል። መተላለፊያው ውስጥ የተጨቆነ ነርቭ ያብጣል፣ ጉዞውም ያጥራል። ራጅ አጥንቱን፣ የኤሌክትሪክ ምርመራ የመልእክቱን ፍጥነት ያሳያሉ፤ ነርቩ ሲሄድ ሲመጣ የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋን ያስደነገጣት ቃል በሽታን ሳይሆን ጤንነትን ሊሰይም የመጣ ነበር።

ታዲያ «መንሸራተት»ን በምን እንተካው? «ሸርታቴ» የልጆች ነው። «እንቅስቃሴ» አይከፋም፤ ግን ለስፖርቱም ለፖለቲካውም ሲያገለግል ኖሯል፣ መመለሱንም አይነግረንም። የእኔ ምርጫ «የነርቭ ምልልስ» ነው። ከ«መለሰ» «ተመላለሰ» ይወጣል፣ ከእሱም «ምልልስ»፤ የ«ል» መደጋገም ራሱ ሂያጅና መጪውን ያሰማል። የሸማኔ መወርወሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሄዶ ካልተመለሰ ሸማም የለም።

«ነርቭ መልእክት ስለሚያመላልስ አያምታታም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወሬው ስለ መልእክቱ ሲሆን «የመልእክት ምልልስ» እንበል፤ የሚመላለሰው ነርቩ ራሱ ሲሆን «የነርቭ ምልልስ»።

«ነርቭሽ እንደልቡ ይመላለስ እንደሆነ ሊያዩልሽ ነው» አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም።

ከአገር ርቀን ላለን ሰዎች አዲሱ አማርኛ የሚደርሰን እንዲህ በስልክ ነው፤ አጠገባችን ሆኖ የሚያርመው የለም። ስለዚህ የሕክምና ቃል የምትተረጉሙ ወገኖቼ፣ ቃሉን ከመበተናችሁ በፊት በአንድ በሽተኛ ጆሮ ሞክሩት። ካስደነገጠው፣ መልሳችሁ ሥሩበት።