ጋፋት፦ ነገድ የሰየመው፣ መድፍ ያስጠራው

ንፋስ መውጫ ስሙን ራሱ ይናገራል። ከጉና ተራራ ማዶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ጋቢውን ሲደርብ ጋይንቶች ለምን እንዲህ እንዳሉት ያለ አስረጂ ይገባዋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።

ጋፋት አስቀድሞ የሕዝብ ስም ነው። ጋፋቶች ከዓባይ በስተደቡብ ይኖሩ የነበሩ፣ በኋላም ብዙዎቹ ወደ ጎጃም የተሻገሩ፣ ለአማርኛ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም ሲደርስ ቋንቋውን የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የሚናገረው የለም። ከእነዚህ ሰዎች አንድ ወገን በበጌምድር ሰፍሮ ስሙን ለቦታው ትቶለታል ብዬ አምናለሁ፤ በአገራችን መሬት በሰፋሪው መጠራቱ የተለመደ ነውና።

ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ ግን ጋፋት ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው መድፍ ነው። በዘመነ መሳፍንት ራስ ጉግሳ መቀመጫቸው ያደረጓት ደብረ ታቦር በቴዎድሮስም ዘመን የመንግሥት ከተማ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በባዜል አቅራቢያ ካለው ከቅድስት ክሪስኮና የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ስዊዘርላንዳዊው ዋልድማየርና ባልደረባው ሳልሙለር ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም አብሯቸው ሠርቷል። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ቴዎድሮስ መድፍ አቅልጣችሁ ሥሩ ሲሏቸው አናውቅበትም አሉ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞክረው ግን ተሳካላቸው። ጋፋትን ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ያደረገው ይህ ይመስለኛል፤ ባለሙያው አላውቅም እያለ፣ ንጉሡ ትችላለህ እያለ የተጀመረ ፋብሪካ ነው። ከእንግሊዝ የተጠየቁት መሣሪያዎችና ሠራተኞች እስከ ምፅዋ ደርሰው ቴዎድሮስ ባሰሯቸው አውሮፓውያን ጉዳይ ምክንያት ሳይገቡ ተመልሰዋል። ስለዚህ የተሠራው ሁሉ በዚያው ባለው እቶንና ክንድ ነው።

ከተሠሩት መድፎች ሁሉ ትልቁ፣ በክራይሚያ ጦርነት ስሙ በናኘው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህን ብረት አስከትለው ነበር። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ እየተሠራ ይሄዳል፤ ገደሉ ይናዳል፣ ድንጋዩ ይፈለጣል፣ ሠረገላው በመቶዎች ጉልበት ይጎተታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ጋይንትን ዘልቆ፣ ደብረ ዘቢጥንና ዋድላን አልፎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶና ወጥቶ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው።

የጋፋት ስምም ከመድፉ ጋር ተጉዟል። በደርግ ዘመን የተቋቋመ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተባለ። ቋንቋው የጠፋበት ሕዝብ ስም በብረት ሥራ ላይ ተተክሎ ቀረ። በዚህ ቅር ይለኛል፤ ጋፋትን ስናነሣ ከመድፉ ፊት ሕዝቡ መጠራት ነበረበት። የሆል ልጅ ማግዳሌና የታዋቂው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት፤ የአንድ ፈረንጅ ሠራተኛን የዘር ሐረግ እስከዚህ ድረስ ስንከተል የጋፋትን ሕዝብ ሐረግ የሚከተል ግን እምብዛም ነው።

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ጨጨሆን ወጥቶ እስከ ጋሸና አካባቢ ድረስ የሴባስቶፖልን ጉዞ በሰፊው ይከተላል። ከጋሸና ወዲያ መኪናው ወደ ወልድያ ያቀናል፤ የሴባስቶፖል ዱካ ግን ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ጅጣ ገደል ይወርዳል።