ባለ ቫልቭ ሬዲዮና የሬክቲፋየሩ ምትክ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት በመርከብ መጥተው በዚህ ወደብ ከተራገፉት ዕቃዎች መካከል የእንጨት ሣጥን ያላቸው ሬዲዮኖችና የሸክላ ማጫወቻዎች ይገኙበታል። አንዳንዱ ወደ ደጋው ወጣ፤ አንዳንዱም እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ቀረ። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ከ5 ሺህ በላይ የቴፕ ጥቅልሎችን በመዝገብ ቤቱ ጠብቆ ስላቆየ፣ በ2021 የኳትር ማርስ ባንድ ቅጂዎች ከዚያ ወጥተው በውጭ አገር ለመታተም በቅተዋል። ዜማው እንዲህ ያለ ጠባቂ አግኝቷል። ሰው ዜማ ይሰማባቸው የነበሩት አሮጌ መሣሪያዎች ግን ያላቸው ጠባቂ ባለቤታቸው ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሞቱት በእርጅና ሳይሆን ሊያድናቸው በተነሣ ሰው እጅ ነው። ለዚህ ዋናው ሰበብ የሬክቲፋየሩ አለዋወጥ ነው።

ሬክቲፋየር ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን፣ በሴኮንድ መቶ ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይረውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል ነው። በስሙ ላይ አንድ ውዥንብር አለ። እንግሊዞች በሬዲዮ ውስጥ ያለውን ማንኛውንም የመስታወት አምፖል “ቫልቭ” ይሉታል። በፈረንሳዮቹ የሬዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ ግን ሌሎቹ “ላምፕ” ሲሆኑ “ቫልቭ” የሚባለው ሬክቲፋየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረ የአዲስ አበባ ባለሙያና ሙያውን በፈረንሳይኛ የቀሰመ የጅቡቲ ባለሙያ “ቫልቩ ተቃጥሏል” ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው ላይሆን ይችላል። ዕቃ በስልክ የሚያዝዝ ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን ያተርፋል።

የዕቃው ታሪክ ከሬዲዮ ሥርጭት ይቀድማል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 የሠራው የመጀመሪያው ቫልቭ ራሱ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። ይሁንና የቤት ሬዲዮኖች እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው በባትሪ ይሠሩ ስለነበር፣ ሬክቲፋየር የዘወትር ዕቃ የሆነው ሬዲዮ ከመብራት መስመር ጋር ሲገናኝ ነው። በ1927 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ቁጥር 80 ቫልቭ ለብዙዎች አርአያ ሆነ፤ ወራሹ 5ዋይ3ም በፈረንሳይ ፋብሪካዎች ጭምር ለረጅም ዘመን ተመርቷል። በ1950ዎቹ በአውሮፓ እነ ኢዜድ80ና ጂዜድ34 ተከተሉ። ጀርመኖቹ ደግሞ በብዙ ሬዲዮኖቻቸው ውስጥ በመስታወቱ ፈንታ ሴሌኒየም የተቀቡ የብረት ሳህኖችን ደርድረው አስገቡ። በ1960ዎቹ ሲሊከን ዳዮድ ሲረክስ ሁለቱም ከገበያ ተገፉ።

ዛሬ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው 1ኤን4007 የተባለ ዳዮድ የሩዝ ፍሬ ቢያህልም አንድ ሺህ ቮልት ይችላል። አሮጌውን ነቅሎ እርሱን መበየድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ይመስላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። 5ዋይ3 በ125 ሚሊአምፔር ጭነት ወደ 60 ቮልት በራሱ ላይ ያስቀራል፤ ዳዮዱ የሚያስቀረው ወደ 1 ቮልት ብቻ ነው። የጥንቱ መሐንዲስ ሌላውን ክፍል ሁሉ የሠራው ያንን 60 ቮልት ከሒሳቡ ቀንሶ ነበር። እንደ ኢዜድ80 ያሉት ደግሞ ከሌሎቹ ቫልቮች ጋር ቀስ ብለው ስለሚሞቁ ኤሌክትሪኩ በአንዴ አይለቀቅም፤ ዳዮድ ግን ማብሪያው ሲነካ ሁሉንም ይለቀዋል። 300 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ለምሳሌ ይወሰድ። ቫልቮቹ ሞቀው መሳብ እስኪጀምሩ ድረስ ካፓሲተሩ እስከ 424 ቮልት ይሞላል። መስመሩ ከ220 ወደ 240 ቮልት ከፍ ባለ ጊዜ ይኸው ቁጥር 463 ይደርሳል። በካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው 450 ከሆነ፣ ያውም ዕድሜው ስልሳ ዓመት ከሆነ፣ ውጤቱ ግልጽ ነው። ካፓሲተሩ ሲከዳ ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል፤ የትራንስፎርመር ምትክ ደግሞ እንደ ዳዮድ ከመደርደሪያ የሚነሣ አይደለም።

መፍትሔው ከዳዮዱ ቀጥሎ ሬዚስተር ማስገባት ነው። 80 ሚሊአምፔር ከሚስብ መሣሪያ ላይ 40 ቮልት ለመቀነስ 500 ኦም ይበቃል፤ በሒሳብ የሚወጣው ሙቀት 3.2 ዋት ቢሆንም ባለ 10 ዋቱን መምረጥ ይበጃል። ነገር ግን ሬዚስተር የሚቀንሰው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች አያድንም። ካፓሲተሮቹም 500 ቮልት በሚችሉ መተካት አለባቸው።

ፈረንሳዮቹ “ቱ ኩራን” የሚሏቸው፣ ትራንስፎርመር የሌላቸው ሬዲዮኖች ሌላ ወጥመድ አላቸው። በእነርሱ ውስጥ የቫልቮቹ ማሞቂያዎች በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፤ ዩዋይ85 የተባለው ሬክቲፋየር ከዚያ መስመር 38 ቮልት ይወስዳል። እርሱ ሲወጣ በቦታው 380 ኦም ካልገባ፣ 38ቱ ቮልት ለቀሩት ተከፋፍሎ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። የእነዚህ ሬዲዮኖች የውስጥ ብረት ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ስለሚችልም፣ ሽፋናቸውን ከፍቶ በባዶ እጅ መነካካት ሕይወት ያስከፍላል።

ሴሌኒየሙን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም፤ መውጣት አለበት። ሲያረጅ ውስጡ እየተቋቋመ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ድምፁም ይደክማል፤ ሲቃጠልም እንደ በሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መርዛማ ጭስ ይለቃል። ጨው የተሸከመ እርጥብ አየር ባለበት የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ብረት ፈጥኖ ይበላል። በጀርባው “ቢ250 ሲ75” የሚል ቢነበብበት፣ አራት ዳዮድ የሚጠይቅ፣ 250 ቮልት የሚቀበልና 75 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ነው ማለት ነው። እዚህም ዳዮዶቹ ያለ ሬዚስተር መግባት የለባቸውም።

የመስታወቱ ሬክቲፋየር በደኅና ሁኔታ ላይ ካለ ግን መተው የሚሻለው ነው። በእርግጥ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ፣ ለማሞቂያው ብቻ 10 ዋት የሚበላውን 5ዋይ3 ማውጣት ሣጥኑን ያቀዘቅዘዋል፤ ትራንስፎርመሩንም ያሳርፈዋል። መሣሪያውን በየቀኑ ለሚሰማ ሰው ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። ያም ሆኖ የተቃጠለ ሬክቲፋየር ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ሳይሆን ተጎጂ ነው፤ የሚገድለው የከዳ ካፓሲተር ወይም ከልኩ በላይ ተልቆ የተተካ ነው። ለኢዜድ80 ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ አዲስ ቫልቭ ከመግዛት በፊት ካፓሲተሩን መለካት፣ መሣሪያውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩት ከመስመሩ ጋር አንድ ተራ የክር አምፖል በተከታታይ አያይዞ መሞከር ይገባል። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ አንድ ቦታ ላይ ሾርት አለ፤ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ መቀጠል ይቻላል።

ምትክ ከገባ በኋላም የወጣው አሮጌ ዕቃ አይጣልም። ቫልቩ ከነሶኬቱ ይቀመጣል፤ ሴሌኒየሙ ከመስመሩ ተቆርጦ ለመልክ በቦታው ሊተው ይችላል። በሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳም ምን እንደወጣ፣ ምን እንደገባ፣ መቼ እንደተሠራና ከለውጡ በኋላ ስንት ቮልት እንደተለካ የሚናገር ወረቀት ይለጠፋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሽፋኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ይሆናልና።