ለእያንዳንዱ ተበዳይ ስንት ዓመት? በተደራራቢ ከባድ ውንብድና ቅጣት ላይ የሚቀርብ የዐቃቤ ሕግ ይግባኝ

አንድ ተከሳሽ በሦስት ሌሊት ሦስት የታክሲ ሾፌሮችን በሽጉጥ አስፈራርቶ የዕለት ገቢያቸውንና ስልካቸውን ወሰደ እንበል። ሦስቱም ክሶች ተረጋግጠው በጠቅላላው የ6 ዓመት ጽኑ እስራት ቢወሰንበት፣ ዐቃቤ ሕግ «ቅጣቱ አንሷል» ብሎ ይግባኝ ማለቱ አይቀርም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከቁጥሩ በፊት ስሌቱን መመርመር አለበት፦ ከስድስቱ ዓመት ለእያንዳንዱ ሾፌር በደል የተቆጠረው ስንት ነው? የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ የዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ተገቢነቱ የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው የሚል ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 671(1) መሠረት በጦር መሣሪያ የተፈጸመ ውንብድና ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 184 ደግሞ ለእያንዳንዱ ተደራራቢ ወንጀል የሚገባው ቅጣት ተለይቶ እንዲወሰንና እንዲደመር ያዛል። በምሳሌያችን የየክሱ ዝቅተኛ ቅጣት ቢያዝ እንኳ ድምሩ 15 ዓመት ይሆናል። በማቅለያ ምክንያቶች ከዚህ መውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን እስከ 6 የወረደ ዳኛ የወረደበትን ደረጃ አንድ በአንድ ማሳየት ይጠበቅበታል። ካላሳየ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሾፌር በጥፋተኝነት ውሳኔው ላይ ተጠቅሰው በቅጣቱ ላይ ተረስተዋል ማለት ነው።

ይህን የሚያርመው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ነው። አንቀጽ 185 ዐቃቤ ሕግ በቅጣት ማነስ ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል፤ አንቀጽ 187 ደግሞ የይግባኝ ማስታወቂያውን በ15 ቀን፣ ማመልከቻውንም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። የጊዜ ገደቡ ትልቅ ትርጉም አለው። ፍርዱን ሰምቶ የሚፈታበትን ቀን መቁጠር የጀመረን ሰው እንደገና ለቅጣት ማቅረብ ከባድ ነገር ነውና።

የአውስትራሊያ ልምድ ለዚህ ክርክር ብርሃን ይሰጣል። ዋና ዳኛ ጄምስ ስፒግልማን የመሩት የኒው ሳውዝ ዌልስ የወንጀል ይግባኝ ችሎት፣ በመሣሪያ ለሚፈጸም ዝርፊያ የሚሰጠው ቅጣት ከችሎት ችሎት የተራራቀና ከልክ በላይ የላላ መሆኑን በማየት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 መመሪያ የሚሆን ፍርድ ሰጠ። ብዙም የወንጀል ሪከርድ የሌለው ወጣት፣ ቢላዋን የመሰለ መሣሪያ ይዞ፣ እንደ ባለሱቅ ወይም ታክሲ ሾፌር ያለ ለጥቃት የተጋለጠ ሰው አስፈራርቶ ጥቂት ገንዘብ ቢወስድና ጥፋቱን ቢያምን፣ ቅጣቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ዓመት እንዲሆን አመለከተ። ይህ ለአንድ ዝርፊያ ነው።

ድርጊቱ ሲደጋገም ግን ልጓም ያስፈልጋል። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ባየው ጉዳይ አንድ ሰው በስድስት ሳምንት ገደማ ሁለት ዝርፊያ በቪክቶሪያ፣ አንድ ደግሞ በኩዊንስላንድ ፈጽሟል። ፍርድ ቤቱ፣ ሰውየው በቪክቶሪያ ከተቀጣ በኋላ በኩዊንስላንድ ቅጣት የሚወስነው ዳኛ ሦስቱም በአንድ ችሎት ታይተው ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ቅጣቱ ምን ያህል ይሆን እንደነበር ማሰብ አለበት አለ።

የእኛ ሕግ ይህን ልጓም በአንድ ቁጥር አስሮታል፦ የጽኑ እስራት ድምር ከ25 ዓመት አያልፍም። ባለ 5 ዓመት ቅጣት አምስት ክሶች ጣሪያውን ይነካሉ፤ ስድስተኛው ተበዳይ አንድ ቀን እንኳ አይጨምርም። ስለዚህ ጣሪያው በራሱ ፍትሐዊ ሚዛን አይሆንም፤ ከጣሪያው በታች ያለው ምክንያት መጻፍ አለበት።

ዐቃቤ ሕግ የይግባኝ ማመልከቻውን ሲያዘጋጅ ስህተቱ በየትኛው ክስ፣ በየትኛው ማቅለያ፣ በየትኛው ድምር ላይ እንደተፈጠረ ለይቶ ይጥቀስ። ቁጥሩ ስላላረካው ብቻ ከሆነ ይተወው። ዳኛውም ቅጣቱን ሲጽፍ የእያንዳንዱን ተበዳይ ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥ፤ በሦስተኛው ሌሊት የተዘረፈው ሾፌር ግልባጩን ሲያነብ የራሱን በደል በፍርዱ ውስጥ ሊያገኘው ይገባል።