ኤክስፖ 67፦ ከኢትዮጵያ ቀይ ድንኳን የተረፉት ፎቶግራፎች

ሄሉ፣ ሞያሌ — በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 28፣ 1967 በካናዳዋ ሞንትሪያል ለሕዝብ የተከፈተው ‘ኤክስፖ 67’ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ታላላቅ ዓለም አቀፍ ትርዒቶች አንዱ ነው። ስድስት ወር በዘለቀው ትርዒት 62 አገራት ተሳትፈዋል፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ጉብኝትም ተመዝግቧል። የካናዳ ሕዝብ በወቅቱ 20 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

አዘጋጅነቱ በመጀመሪያ የሞስኮ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1962 ስትተወው ሞንትሪያል ተረከበች። ከተማዋ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ አንድ ደሴት አስፋፍታ፣ ሌላ ደሴት ደግሞ በአፈርና በድንጋይ ሙሌት ሠራች።

ድንኳኑና ንጉሠ ነገሥቱ

በዘመኑ ፎቶግራፎች ከመስታወትና ከብረት ሕንጻዎች መካከል የኢትዮጵያ ቀይ ድንኳን ጎልቶ ይታያል። ሌሎች መጪውን ዘመን ሲያሳዩ ኢትዮጵያ የነገሥታቷን ታሪክ ይዛ ቀረበች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ትርዒቱን በአካል ጎብኝተዋል። ከነጻነት አራተኛ ዓመቷን ያልደፈነችው ኬንያ ግን ከሌሎች አዳዲስ የአፍሪካ አገራት ጋር ‘የአፍሪካ አደባባይ’ የተሰኘውን ስፍራ ተጋርታ ነበር።

ከምስሉ ውጪ የቀረው

የትርዒቱ መሪ ቃል ‘ሰውና ዓለሙ’ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የባሌ ገበሬዎች አመጽ አልበረደም። ሞያሌን በሚያካትተው የኬንያ ሰሜናዊ ክፍልም ‘የሺፍታ ጦርነት’ የተባለው ግጭት ቀጥሎ ነበር። ኬንያና ሶማሊያ በዛምቢያው ፕሬዝዳንት ኬኔት ካውንዳ ሸምጋይነት በአሩሻ የተስማሙት ኦክቶበር 28 ቀን ነው፤ ትርዒቱ የተዘጋው በማግሥቱ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ስለዚህ ሁለት ነገር ይነግራሉ፦ መንግሥታት ለዓለም ሊያሳዩ የፈለጉትን ገጽታ፣ እንዲሁም ከዚያ ገጽታ የተገለሉትን የጠረፍ ሰዎች። የድንበር አካባቢን ታሪክ የሚያጠና ሰው ምስሎቹን ከዘመኑ ሰነዶችና ከአረጋውያን ትውስታ ጋር ማገናዘብ ይኖርበታል።

የቀረው

የአሜሪካ ድንኳን የነበረው ክብ ሕንጻ ሽፋኑ በ1976 ቢቃጠልም የብረት አጽሙ ዛሬም ቆሟል። ‘ሀቢታት 67’ የተባለው የመኖሪያ ሕንጻም ነዋሪ አለው። የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በ1974 ወደቀ፤ ድንኳኑም በስፍራው የለም። መልኩን ለማየት የቀሩት ፎቶግራፎች ናቸው፤ የትርዒቱ ሰፊ የምስል ስብስብ በካናዳ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል።